ገዢው ተገዢ

ስለ መጪው ክፉ ዘመን የተጻፉ የባሕር ማዶ ልብ ወለዶች በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ በተነሡ ቍጥር ወሬው ወደ አንድ ስፍራ ሄዶ ሲያርፍ እናያለን። ይኸውም እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው «1984» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሥዕሉ በየግድግዳው ተለጥፎ ሰዉን ሁሉ በዓይኑ ወደሚከተለው ወደ «ታላቁ ወንድም» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወዳጆቻችን ስለ ሰላዩ፣ ስለ ማሠቃያው ክፍል፣ ስለ ተፋቀው ታሪክ ብዙ ይነጋገራሉ። ራሳቸውንም ነቅንቀው «እግዚአብሔር ከእንዲህ ያለ ገዢ ይጠብቀን» ይሉና ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ነገሩም እርሱን የማይነካው ሆኖ ያበቃል።

እኛ ይህን አነባበብ እንቃወማለን። ስለ ጨካኝ ገዢ የሚባለው ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህን መጻሕፍት የአንድ ክፉ መንግሥት ክስ ብቻ አድርጎ ማንበብ፣ አንባቢው ከሳሽም ዳኛም ምስክርም ሆኖ እንዲቀመጥ ይፈቅድለታል። ተከሳሽ ሆኖ የሚቆምበት ቀን ግን አይመጣም። ደራሲዎቹ ደግሞ ሊከሱ የተነሡት ገዢውን ብቻ ሳይሆን ገዢውን ጭምር ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እጃችን ስቶ አልጻፍንም። በቋንቋችን አገር የሚያስተዳድረው ገዢ ይባላል፤ መርካቶ ወርዶ ጫማ የሚመርጠውም ገዢ ይባላል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩበትን ምክንያት የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ቃሉ ሁለቱንም መሸከሙ ነው። ዕቃ የሚገዛ ሰው በገንዘቡ የዕቃው ጌታ የሆነ ይመስለዋል። የምንናገርላቸው ልብ ወለዶች ግን፣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱ የገዛውን ሊገዛ በሚሮጥበት አገር ገዢው ራሱ ተገዢ ይሆናል፣ ለዚህም ጅራፍ የያዘ ሰው እምብዛም አያስፈልግም ይላሉ።

አልዱስ ሃክስሊ በ1932 ያሳተመውን «ብሬቭ ኒው ወርልድ» እንውሰድ። «ያማረ አዲስ ዓለም» እንደ ማለት ሲሆን፣ ደራሲው ስሙን ያገኘው ከሼክስፒር «ዘ ቴምፐስት» ተውኔት ነው። በዚህ ዓለም ሕዝቡን የሚገርፍ የለም፤ የሚራብም የለም። ሰው ከማሕፀን ሳይሆን ከጠርሙስ ይወጣል፤ ገና ሲወጣም ከአምስት ማዕርጎች በአንዱ ተመድቦ፣ የማዕርጉን ቀለም ለብሶ፣ በማዕርጉም ተደስቶ እንዲኖር ሆኖ ተሰናድቷል። ልቡ ያዘነ እንደ ሆነ «ሶማ» የተባለ ክኒን ይውጣል። ዘመን የሚቈጠረው ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለውን አውቶሞቢል ካወጣበት ከ1908 ጀምሮ ነው፤ የየመስቀሉም አናት ተቈርጦ የ«ቲ» ፊደል ምልክት ሆኗል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ያለው አንድ ትዕይንት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብናል። የስምንት ወር ሕፃናት በጽጌረዳ አበባና ባለ ሥዕል በሆኑ መጻሕፍት ፊት ይለቀቃሉ። እየዳኹ ሄደው ሲነኩዋቸው አስደንጋጭ ጩኸት ይለቀቅባቸዋል፤ ወለሉም በኤሌክትሪክ ያንዘፈዝፋቸዋል። ይህ ሁለት መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ ልጆቹም ዕድሜ ልካቸውን አበባና መጽሐፍ ሲያዩ ይሸሻሉ። መጽሐፍን እንዲጠሉ የተፈለገበትን ምክንያት መገመት አያስቸግርም። አበባን ግን ስለ ምን? የተሰጠው መልስ እንደ ቢሮ ደብዳቤ የደረቀ ነው። አበባን መውደድ ገንዘብ አያስወጣም፤ ስለዚህ ፋብሪካ አያሠራም። ቀድሞ ዝቅተኞቹ ማዕርጎች አበባንና ገጠርን እንዲወዱ ይደረግ ነበር፤ ወደ ገጠር ለመሄድ የመጓጓዣ ዋጋ ይከፍላሉ ተብሎ። መጓጓዣውን ከፈሉ፤ ሌላ ግን ምንም አልገዙም። እንግዲህ መንግሥቱ መከረና ሰዎቹ ገጠርን እንዲጠሉ፣ በገጠር የሚደረገውን ስፖርት ግን እንዲወዱ አደረገ፤ ስፖርቱም ሁሉ ብዙ መሣሪያ እንዲጠይቅ ሆነ። በዚህ ዓይነት መጓጓዣውም ተሸጠ፤ መሣሪያውም ተሸጠ። ያው መጽሐፍ የቀድሞ ሰዎች በአንድ ሁለት ኳስና በጥቂት ዱላ ይጫወቱ እንደ ነበር የሚያወሳው እንደ ትልቅ ሞኝነት አድርጎ ነው። በልጅነቱ የጨርቅ ኳስ የራገጠ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም።

አንባቢዎች በችኰላ የሚዘልሉት ሌላም ስፍራ አለ። ከዚያ ዓለም መቋቋም በፊት ወንድም ሴትም ሕፃንም በየዓመቱ ይህን ያህል ዕቃ እንዲፈጅ ይገደድ ነበር። እምቢ ያሉ ተነሡ። ወደ ተፈጥሮ እንመለስ ያሉ ነበሩ፤ ወደ መጽሐፍም እንመለስ ያሉ ነበሩ፤ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ብዙ ዕቃ አይፈጅምና። ከቀላል ኑሮ ወዳዶቹ ስምንት መቶው በመትረየስ ታጨዱ፤ በብሪቲሽ ሙዚየምም ሁለት ሺህ መጽሐፍ ወዳዶች በመርዝ ጢስ አለቁ። ከዚህ በኋላ ግን ገዢዎቹ ኃይል እንደማያዋጣ ተረዱ፤ መትረየሱን ትተው ሕፃናቱን ማሰናዳት ያዙ። የሃክስሊ ነገር ጥልቀቱ እዚህ ላይ ይታየናል። መግዛት በመጀመሪያ ግብር ነበር፤ ቀጥሎ ልማድ ሆነ፤ በመጨረሻም ደስታ ተባለ። ገባሪው ግብሩን የሚወድበት አገር ሰብሳቢ አያስፈልገውም።

ደራሲው ይህን ከሰማይ አላወረደውም። የፎርድ አውቶሞቢል በ1908 ሲወጣ ዋጋው 850 ዶላር ያህል ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ከ1914 እስከ 1925 የተሠሩት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥቁር መኪና ከያዘ በኋላ ምን ይሸጥለታል? የጄኔራል ሞተርስ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ያገኘው መልስ በየዓመቱ የመኪናውን መልክ መለወጥ ነበር፤ አምና የገዛው ሰው ዘንድሮ በመኪናው እንዲያፍር። በ1924 ደግሞ የታላላቅ አገሮች የአምፖል ፋብሪካዎች ጄኔቫ ላይ ተስማምተው አንድ አምፖል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳያገለግል አደረጉ፤ ዕድሜው የረዘመ አምፖል የሠራም ይቀጣ ነበር። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ይላል የአገራችን ተረት። በስሎን ገበያ ንጉሡ አይታይም። የሚታየው የጎረቤት መኪና ነው፤ ሰዉም ወደዚያ ያጎነብሳል።

አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1953 ያሳተመው «ፋራናይት 451» ነገሩን ከፋብሪካ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያገባዋል። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው በሎስ አንጀለስ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር ሳንቲም በምትጐርስ የኪራይ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ሂሳቡም 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም እንደ ደረሰ ራሱ ተናግሯል። መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዘመን በመጻሕፍት መካከል ተቀምጦ መጻፉ ደስ ይለናል።

መምህራን ይህን መጽሐፍ ሲያስተምሩ የሚያነሡት እሳቱን ነው። እሳት ዓይን ይስባልና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን የአቃጣዮቹ አለቃ ካፒቴን ቢቲ ለሠራተኛው ለሞንታግ ሲያስረዳ፣ ነገሩ ከላይ በዐዋጅ የመጣ እንዳልሆነ በግልጥ ይነግረዋል። ሰዉ ራሱ መጽሐፉ እንዲያጥር፣ ከዚያም ይበልጥ እንዲያጥር፣ ማንንም እንዳያስቀይምና እንዳያስጨንቅ ፈለገ፤ ሻጩም የተፈለገውን ሸጠ። ቢቲ ክፉ ሰው ነውና ቃሉን አንቀበልም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ፋበር፣ በመጽሐፉ ውስጥ የቢቲ ዋና ተቃራኒ ሲሆን፣ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አንድ ነው። ሕዝቡ ማንበብን የተወው በገዛ ፈቃዱ ነው ይላል። ሁለት ባላንጣዎች የተስማሙበትን ቃል ደራሲው በከንቱ በአፋቸው አላኖረውም።

የሞንታግን ሚስት ሚልድረድን እንመልከታት። ከሳሎኗ አራት ግድግዳዎች ሦስቱ ቴሌቪዥን ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚንጫጩትን ሰዎች ቤተ ሰቤ ትላቸዋለች። አሁን አራተኛው ግድግዳ እንዲገባላት ትፈልጋለች፤ ዋጋው ሁለት ሺህ ዶላር፣ የባሏ የዓመት ደመወዝ ሲሶ ነው። ሦስተኛው ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። አንድ ሌሊት የእንቅልፍ ክኒኑን ሁሉ ትውጣለች። ሐኪም አይመጣም፤ ሁለት ባለ መኪና ሠራተኞች መጥተው ደሟን እንደ ቧንቧ ያጥቡታል፤ በየሌሊቱም ዘጠኝ ዐሥር እንዲህ ያለ ሰው እንደሚያጋጥማቸው ለባልየው አጫውተውት ይሄዳሉ። በማግሥቱ ምንም አታስታውስም፤ ርቧታል። በመጨረሻም መጽሐፍ የደበቀውን ባሏን ጠቍማ፣ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የምታለቅሰው ለግድግዳዎቹ ቤተ ሰብ ነው። ይህችን ሴት ማን አዘዛት? ማን አስፈራራት? መጽሐፉን ደጋግመን አገላብጠን አንድም ሰው አላገኘንም።

በዚሁ መጽሐፍ ሞንታግ በምድር ውስጥ ባቡር ተቀምጦ፣ በማቴዎስ ወንጌል ስለ ሜዳ አበቦች የተነገረውን ቃል በልቡ ለመያዝ ይታገላል። ከድምፅ ማጉያው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ይጮኻል። ተሳፋሪው ሁሉ የማስታወቂያውን ዜማ በእግሩ ይመታል። ሞንታግ መታገሥ ቢያቅተው ተነሥቶ ይጮኻል፤ ተሳፋሪዎቹም ማስታወቂያውን ሳይሆን እርሱን እንደ እብድ ያዩታል። ሃክስሊም ብራድበሪም፣ ሃያ አንድ ዓመት ተለያይተው ሲጽፉ፣ የማይሸጥ ነገር ሲፈልጉ ሁለቱም አበባ ላይ መድረሳቸውን ልብ እንላለን።

እኛም ከዚህ የጸዳን አይደለንም። ባለፈው ዓመት በምንሠራበት ክፍል አንድ ባልደረባችን ባለ ሰፊ መስተዋት የእጅ ስልክ ይዞ መጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ ስድስታችንም እንዲሁ ያለውን ይዘን ነበር። የሁላችንም አሮጌ ስልክ ይሠራ ነበር። ከስድስቱ አንዱ ከብድርና ቍጠባው ማኅበር ተበድሮ ገዛ፤ ያንን ዕዳ እስከ ዛሬ የምንከፍለው እኛ ነን። ታላቁ ወንድም በዚያ ክፍል አልነበረም። የነበረው የሻይ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ አነባበብ አንድ ቃል ብለን እንለፍ። ብራድበሪ በጆሮ የሚገባ ሬዲዮና ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አስቀድሞ ጽፎ ነበር፣ ይኸው ደረሰ እያሉ የሚደነቁ አሉ። መጽሐፉን እንደ ዐውደ ነገሥት ይገልጡታል። የተነበየው መሣሪያ መድረሱን ቈጥረው ሲጨርሱ መሣሪያውን ሊገዙ ይሄዳሉ።

በዚያው በ1953 ፍሬድሪክ ፖልና ሲረል ኮርንብሉዝ «ዘ ስፔስ መርቻንትስ»፣ ማለት «የጠፈር ነጋዴዎች»፣ የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። ፖል በማስታወቂያ ሥራ የቈየ ሰው ነበርና የሚጽፈውን ያውቃል። ባለ ታሪኩ ሚቸል ኮርትኔይ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው፤ ሥራውም ለሰው የማትመቸውን ቬኑስን ለሰፋሪዎች ማስወደድ ነው። በዚያ ዓለም የሚበላው ብስኩት የሚያስጠማ፣ የሚጠጣው ለስላሳ ሲጋራ የሚያሰኝ፣ ሲጋራውም መልሶ ብስኩቱን የሚያስርብ ሆኖ ተቀምሟል። ሠራተኛው በዚህ ክብ ውስጥ እየዞረ ዕዳው ከደመወዙ ይበልጣል። ይህ ኮርትኔይ ከስሙና ከሥራው ተነጥሎ፣ እርሱ በጻፈው ማስታወቂያ ከሚኖሩት ሠራተኞች መካከል ሲወድቅ ማየት፣ በወር ደመወዝ ቃል ለምናሰናዳ ሰዎች ሁሉ የሚቈረቍር ነው። ፖል በ1954 ባወጣው «ዘ ማይዳስ ፕሌግ» በተባለ አጭር ታሪክ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። የማምረቻ መኪናዎቹ ዕቃ ስላበዙ፣ ድኻው በግዴታ ብዙ እንዲበላና ብዙ እንዲለብስ ይታዘዛል፤ በትንሽ ቤት በጥቂት ዕቃ የመኖር ዕድል ያለው ባለ ጠጋ ብቻ ነው።

አሁን የሚሰነዘርብንን መቃወሚያ እንስማ። «ይህ የጠገበ አገር በሽታ ነው፤ ገና ያልጠገበ ሰው ስለ ጥጋብ ምን አስጨነቀው?» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። በእንስራ ውኃ ስትቀዳ ወገቧ የጐበጠ እናት ቧንቧ ቢገባላት ሸቀጥ ወደደች የሚል ሰው ነውረኛ ነው። እኛም ስለ ቧንቧ አልተናገርንም። የቀረው ግማሽ ግን ትክክል አይደለም፤ ለዚህም ምስክራችን ወዳጆቻችን ራሳቸው የሚወዱት ኦርዌል ነው።

«1984» የእጦት መጽሐፍ ነው። ባለ ታሪኩ ዊንስተን ስሚዝ እንደ እኛ የሚኒስቴር ሠራተኛ ሲሆን፣ በአንድ የጢም ምላጭ ስድስት ሳምንት ይላጫል። ሁለት አዲስ ምላጭ ደብቆ መያዙ እንደ ሀብት ይቈጠራል። የቸኮሌት ራሽን ከሠላሳ ግራም ወደ ሃያ ሲወርድ፣ የቀድሞውን የመንግሥት ቃል የሚያርመው ዊንስተን ራሱ ነው። በማግሥቱ ሕዝቡ ራሽኑ ወደ ሃያ ከፍ ስላለ ምስጋና ለማቅረብ እንደ ወጣ ይነገራል። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛውን ክፍል፣ ድኻውን ሠራተኛ፣ የሚይዘው ሰላይ ሳይሆን ሎተሪ ነው፤ ትልልቁ ዕጣ ለማንም አይደርስም፤ ዜማውም በመኪና የሚሠራ የርካሽ ዘፈን ነው። ስለዚህ ጥጋብ ባይኖርም ምኞቱ ይበቃል። የመደርደሪያው ባዶ መሆን ሰውን ከመደርደሪያ ነፃ አያወጣውም። ዊንስተንስ የተያዘው በየት ነው? በአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው። ማስታወሻ የሚጽፍበትን ባለ ጥሩ ወረቀት ደብተር በሁለት ዶላር ከሃምሳ፣ ኋላም ኮራል ያለበትን የመስተዋት ጌጥ በአራት ዶላር የገዛው ከዚያ ነው። ባለ ሱቁ ቻሪንግተን የአሳብ ፖሊስ ነበር። ዐመፁን እንኳ በገንዘቡ ገዝቶ ነው የጀመረው፤ የሸጠለትም ጠላቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር አሳባችን ሁሉንም መጽሐፍ አይሸፍንም። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና በ1921 የጻፈውና መጀመሪያ በ1924 ኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ የታተመው «እኛ» የተባለው መጽሐፍ ሱቅ የሌለበት ነው። ሰው በስም ፋንታ ቍጥር ይዞ በመስተዋት ቤት ይኖራል፤ እህሉን እንኳ በተወሰነ ቍጥር ያላምጣል። ያም ሆኖ መሐንዲሱ ዲ-503 በመጽሐፉ መጀመሪያ የሚናገረው እንደ እስረኛ አይደለም። ከሰው ጋር እኩል በመራመዱ ደስ ብሎታል። መመሳሰል ከሱቅ ይልቅ እንደሚቀድም ከዚህ እንማራለን፤ ሱቁ በኋላ መጥቶ ዋጋ ለጠፈበት።

ሃክስሊም ቢሆን ስሕተት የለበትም አንልም። ከዚያ ዓለም ውጪ የተወለደው ጆን የሚሰጠው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ክኒንና ሸቀጥ፣ ወይ ቅማልና ጅራፍ። ደራሲው ራሱ በ1946 ለመጽሐፉ በጻፈው መቅድም ይህ ከሁሉ የከፋ ጕድለቱ መሆኑን አምኗል። እኛም በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ጆን ወደ አሮጌው የመብራት ግንብ ሸሽቶ፣ አትክልት ሊተክልና ደጋን ሊሠራ ሲጀምር የሆነውን መርሳት አይገባም። ራሱን ሲገርፍ በስውር ፊልም አነሡት፤ ፊልሙም ለተመልካች ቀረበ። በማግሥቱ ሰዉ በሄሊኮፕተር እየመጣ ጅራፉን አሳየን አለ። ከገበያ የሸሸው ሰው ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ ኋላም ተሰቅሎ ተገኘ። የመጡት ወታደሮች አልነበሩም። ትርዒት ፈላጊዎች ነበሩ።

በአንድ ትምህርት ቤት የተሰጠ የሥነ ጽሑፍ ፈተና በቅርቡ አይተን ነበር። ጥያቄው «ታላቁ ወንድም ማንን ይወክላል?» የሚል ነው። ተማሪው አንድ የሞተ አምባገነን ስም ጽፎ ሙሉ ነጥቡን ይወስዳል። እኛ በዚህ ፋንታ መምህሩ ሚልድረድ አራተኛውን ግድግዳ እንድትፈልግ ማን እንዳስገደዳት ቢጠይቅ፣ ለመልሱም ስድስት መስመር ቢሰጥ እንወዳለን። ወረቀቱን ከማረሙ በፊት እርሱም የራሱን ስድስት መስመር ይጻፍ። እኛ ሞክረነዋል፤ በአራተኛው መስመር ላይ ስለ ስልኩ መጻፍ ጀመርን።